የጋሼ ያደታ ቅናሽ

ላም ስታነክስ አይቶ ነጥብ በመስጠት፣ አሜሪካ ውስጥ ከዋይትሆል ከተማ እስከ ካናል ዊንቸስተር ጋሼ ያደታን የሚደርስበት ሐበሻ አልነበረም። ሥራውን የሚሠራ ሌላ ሐበሻም ስላልነበረ ክብሩ ሳይደፈር ኖሯል።

ሥራውን ያገኘችለት እሱ ቸርች የምትሄድ ልጅ፣ ማራኪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የምታነክስን ላም ከቪዲዮ የሚለይ ስታቲስቲካዊ የኮምፒውተር ሞዴል ትሠራለች። የዩኒቨርሲቲው ላሞች ታልበው ሲወጡ ጋሼ ያደታ በር ላይ ቆሞ፣ ደህና ለምትራመድ አንድ፣ መቆም ላቃታት አምስት ይሰጣል። ሦስት ካለ አነከሰች ማለት ነው። ሞዴሉ ከእሱ ነጥብ ይማራል።

ጋሼ ያደታ ግን አንድና ሁለት የሚባል ቁጥር አያውቅም። ትንሽ ሸርተት ያለችውን ላም፣ "ይቺማ አልቆላታል፣ ነገን አታይም!" ብሎ አራት ይሰጣታል። ማራኪ አልተቆጣችም። ሌሎቹ ፈረንጅ ነጥብ ሰጪዎች አንድ ቀን ቸር፣ አንድ ቀን ጨካኝ ናቸው፤ የእሱ ማጋነን ግን ዝንፍ አይልም። ከእሱ ነጥብ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እንዲቀነስ አደረገች። ሞዴሉ ቀጥ አለ።

እሑድ ፓስተሩ ስለ አንደበት ሰበኩ። ጋሼ ያደታ ተነሥቶ ማይክ ተቀበለና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ ግነት አይወጣም!" ብሎ መሰከረ። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። እንዲህ ያለ ቃል ስንቴ የሰማችው ሚስቱ ሙሉወርቅ ግን ልትወጣ የመኪናዋን ቁልፍ ፈለገች።

በማግስቱ ቤላ የምትባለው ላም እያነከሰች አለፈች። በሐቅ ሦስት ሰጣት። ሞዴሉ ሁለት ቀንሶ ጤነኛ ናት አለ። ማራኪ ዓርብ ሞዴሉን ለፕሮፌሰሮቿ ታሳያለች፤ ካልሠራ መመረቋ ቀረ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? ሞዴሉን ክራሽ አደረግከው እኮ!"

"እውነት መናገር ጀመርኩ።"

"ሁለት ትጨምር ነበር፣ እኔ ሁለት እቀንስ ነበር።"

ጋሼ ያደታ ፊቱ ጠቆረ። ለካ ሳያውቀው ቅናሽ ሲደረግበት ከርሟል።

"ታዲያ ልዋሽልሽ? ጉባኤ ፊት እኮ ነው ቃል የገባሁት!"

"አትዋሽ። ብቻ ንገረኝ፣ ማጋነኑን ከእሑድ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ትተሃል?"

"ሺህ በመቶ!"

ማራኪ ትክ ብላ አየችውና ከእሑድ ወዲህ ያለውን ቅናሽ ዜሮ አደረገችው። ዓርብ ሞዴሉ ቤላን ለይቶ አወጣት። ፕሮፌሰሮቹ አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ያደታ ማይኩን ተቀበለ።

"ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት ጌታ በእኔ ተጠቅሞ የአሜሪካን ላም በሙሉ ከሞት አተረፈ!"

ከኋላ ወንበር ማራኪ ላፕቶፗን ቀስ አድርጋ ከፈተችና የሁለት ነጥቡን ቅናሽ ወደ ቦታው መለሰች።