ቅዳሜን የዘለለችው የወርቅ ሰዓት

ልብስ ሰፊው "ልጅዎን ይስጡኝ" ባለ ቁጥር የልጅቷ አባት መልስ "እናያለን" ብቻ ነበር። ምኑን እንደሚያዩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለዓይን ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሊገቡ ሲሉ የወርቅ ሰዓታቸውን አውልቀው መዳፉ ላይ ሲያኖሩለት በሁለት እጁ ያዛት።

"ጠዋት ጠዋት ሙላት። ከቆመች አንተና እኔ አንተዋወቅም" አሉት።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። ሰዓቷም እንደዋዛ የምትታይ አልነበረችም። ቀኑን፣ ወሩን፣ ጨረቃን ሳይቀር ታውቃለች፤ ወር ቢያጥር ቢረዝም፣ ዓመቱ አንድ ቀን ቢጨምር፣ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታስተካክላለች። የጥንት ዕቃ የሚሰበስቡ ሀብታሞች ቤት ድረስ መጥተው ቢለማመጧቸው በር ዘግተውባቸዋል። ሬዲዮ ሰዓት ሲናገር እንኳ እጃቸውን አየት አድርገው "ተሳስቷል" የሚሉ ሰው ናቸው።

ልብስ ሰፊው እንደ አራስ ልጅ ጠበቃት። ጥንቃቄው ግን በዛ። ሌባ ፈርቶ የጨርቅ ጥቅል ውስጥ ደበቃት፤ የቱ ጥቅል እንደሆነ ጠፋበት፤ ሱቁን ገለባብጦ ሲያገኛት ዓርብ ላይ ቆማለች፤ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ሆኗል። ቀኗን ለማስተካከል ጎኗ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ቀዳዳ በቀጭን ነገር አንዴ መጫን ነው። ከመርፌ የቀጠነ ምን አለ? ተጫናት። ነገር ግን መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን ብረት አላወለቀም ነበርና፣ ቀጭ ማለቷ አልተሰማውም። ደገማት። ሰዓቷ ቅዳሜን ጥላ እሑድ ገባች።

ሰዓት ሠሪ ዘንድ በሩጫ ሄደ። ሠሪው አገላብጦ አይቶ፣ "ይቺ ወደ ኋላ አትመለስም። አቁማትና ቀኑ ይድረስባት" አለው። ምክሩ ቀላል ነበር። ልብስ ሰፊው ተንፈስ ብሎ ወደ ሱቁ ሲመለስ ግን ልጅቷ በር ላይ ቆማ አገኛት።

"አባባ ከሆስፒታል ወጥቷል። ሰዓቴን አምጪልኝ አለ።"

"ነገ እኔው ባመጣትስ?"

"እስከ ነገማ ራሱ ተነሥቶ ይመጣልሃል።"

ቆሌው ተገፈፈ። እውነቱን ብናገር እሷን አጣለሁ ብሎ ፈራ፤ ሰዓቷን ሰጣት። ፍቅር ደፋር ያደርጋል የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለ አማት ያልገጠማቸው ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ እንባዋን አቅርራ መጣች። "አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጡረታ ቢሮ ሄደ። እሑድ ነው ብዬ ብነግረው፣ ሰዓቴ ሰኞ ትላለች ብሎ ጮኸብኝ። ዓይኑን ሲቀዱት ጭንቅላቱንም ነክተውት ይሆን?"

ልብስ ሰፊው መቀሱን ጥሎ ወጣ።

ሲደርስ አባትየው ከተቆለፈው በር ፊት ቆመው ዘበኛውን ያፋጥጡታል።

"በሥራ ቀን በር ቆልፎ መተኛት የት ነው ያየኸው?"

"እሑድ እኮ ነው፣ አባት።"

"በል ይቺን እያት።"

ዘበኛው አጎንብሶ አየ። ሰዓቷ ወርቅ ናት፤ የሱ ፕላስቲክ ነው። ግራ ገባው። "እንዲያማ ከሆነ ዛሬ ተረኛው እኔ አይደለሁም" ብሎ ኮቱን መልበስ ጀመረ።

ልብስ ሰፊው አባትየውን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ ሁሉንም ዘከዘከ፦ የጨርቁን ጥቅል፣ መርፌውን፣ የጣቱን ብረት። የአባትየው ፊት ደም መሰለ።

"ማን ያውቃል?"

"እኔ ብቻ። ሰዓት ሠሪው የማን እንደሆነች አያውቅም።"

"ልጄስ?"

"አልነገርኳትም። እሷማ አእምሮዎ የተነካ መስሏት እያለቀሰች ነው።"

"ይምሰላት። እኔ ዘባረቅሁ ይባል፤ ሰዓቷ ተሳሳተች ግን አይባልም።"

ዕድሜ ልካቸውን በዚህች ሰዓት ሰፈሩን ሲገሥጹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ወሬ ቢወጣ የሚገቡበት አልነበራቸውም። ዘበኛው ኮቱን ቆልፎ እየሄደ ነው። አባትየው በዓይናቸው ሸኙትና የልብስ ሰፊውን ክንድ ጭብጥ አድርገው ያዙት።

"ይህን የሚያውቅ ሰው ባዳ ሆኖ መቅረት የለበትም" አሉ። "ልጅቷን አግባ።"