ሴንሰሩን የሳመው ከንፈር

ልጄ መነጽሯን ቤት ረስታ ወጣች። ዓይኗ ያለ መነጽር ምን ሊያይላት ነው ብዬ ይዤላት እየበረርኩ ሄድኩ። የምትሠራበት ክፍል በመስታወት የተከለለ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንድ በአንድ ፊደሉን እየለቀምኩ አነበብኩት፤ «ያለ ጓንት ምንም አይንኩ» ይላል። መነጽሩን ለባልደረባዋ ሰጥቼ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ከውጭ ተቀመጥኩ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ጠፈር ላይ ያለችውን እንጥፍጣፊ አየር የሚለካ ትንሽ ሴንሰር የብረት በርሜል ውስጥ ይከታሉ፤ አየሩን በፓምፕ ይመጥጣሉ፤ ከዚያ ንባቡን ከተመሰከረለት አሮጌ ሴንሰር ጋር ያስተያያሉ። ልጄ ገና የሙከራ ሠራተኛ ናት። ይህ ሴንሰር ዛሬ ካላለፈ ቅጥሯ አይጸድቅም።

ፓምፑ ቢመጥጥ ቢመጥጥ ቁጥሩ አልወርድ አለ።

«ውስጥ ቅባት አለ፤ እየተነነ በርሜሉን ይሞላዋል» አለች ልጄ።

«በባዶ እጅሽ ነክተሽዋል ማለት ነዋ» አሉ አለቃዋ።

በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። በርሜሉን ከፈቱት። ሴንሰሩ ላይ የጣት አሻራ የለም። ያለው የከንፈር ምልክት ነው፤ ወዛም፣ ቁልጭ ያለ።

ባልደረባዋ ሣቋን ዋጥ አድርጋ «ማነው ደግሞ የሳመው?» አለች።

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። «እናትየው ናቸው እንጂ ማን ይሆናል? እናት ሩቅ የሚሄድ ነገር ካየች ሳትስም አያስችላትም።»

እውነት ስሜው ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። የልጄ ፊት ዐመድ መስሏል። ያኔ የአለቃውን ከንፈር አየሁት፤ በቫዝሊን ወዝቷል፤ ጣሳዋም ከኪሳቸው አንገቷን አውጥታለች።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ከመስታወቱ አላለፍሽም» አለች ልጄ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ከንፈሬ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ቫዝሊኔን ግን ቤት ትቼው መጥቻለሁ። ጌታዬ፣ ከኪስዎ ትንሽ ቢያበድሩኝ?»

ባልደረባዋ አፏን ይዛ ወጣች። አለቃው ጣሳዋን አወጡና መሬት መሬት እያዩ አቀበሉኝ፤ እኔም ከንፈሬን ቀባ ቀባ አደረግኩ።

«ለገድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወደ ጠፈር የሚሄደውን ሁሉ እስማለሁ። እስከ ዛሬ ግን ከንፈሬ ደርቆ ቫዝሊን ተቀብቼ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ጓንት አጠለቁና ራሳቸው በአልኮል ወለወሉት። ፓምፑ እንደገና ተነሣ። ሊመሽ ሲል ሁለቱ ሴንሰሮች እኩል አነበቡ፤ አለቃውም የልጄን ቅጥር አጸደቁ።

ሴንሰሩን ሲያሽጉት አላስቻለኝም፤ ከውጭ ሆኜ መስታወቱን ሳምኩት። ልጄ ወጥታ እየተቆጣች በእጅጌዋ ጠረገችው። ቫዝሊኑ ግን የአለቃዋ ነበር።