የኮምፒውተሩ ሰዓት

አቶ እንደሻው በዘጠኝ ሰዓት በወንድማቸው ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጠዋት አሰላ ባለው የጽሕፈት ሱቄ እየነገሩኝ በኮምፒውተር ጻፍኩላቸው። ከሳጉሬ የሚመጡ ዘመዶችን ተቀብለው ሲመለሱ አትሜ እንዳስረክባቸው ተስማማን።

እስኪመለሱ ሥራ ፈታሁ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከእኛ በስድስት ይለያል፤ ደንበኞች ይስቁበታል። ላስተካክለው ብዬ ማሽኑ ሲነሳ ወደሚከፈተው ሰማያዊ የቅንብር ገጽ ገባሁና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አልከፈት አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስክ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። የሟቹ ታሪክ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም።

አቶ እንደሻው በሩ ላይ ቆሙ።

"ደረሰልኝ ልጄ?"

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሼ።"

ለኮምፒውተር ጠጋኙ ለዲሪባ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

"የነካኸው ሰዓቱን ብቻ ነው?"

"ከላይ ወደ ታች ስወርድ ሌላም ሳልነካ አልቀረሁም።"

"ማሽኑን የአሰላ ልጅ ልታደርገው ነው?" ብሎ ሳቀ። "ተመልሰህ ግባና ኤፍ ዘጠኝ የሚለውን ቁልፍ ተጫን። ከሰዓቱ በቀር ቅንብሩ ሁሉ እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ከዚያ አስቀምጠህ ውጣ።"

"ጽሑፉ አይጠፋም?"

"አይጠፋም፤ በርታ።"

ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። አቶ እንደሻው ከኋላዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ጽሑፉ ከነስሙ ቦታው ላይ ነበር። ቶሎ ብዬ ወደ ማተሚያው ላክሁት።

አቶ እንደሻው ወረቀቱ እስኪወጣ ጎንበስ ብለው የስክሪኑን ጥግ አዩ።

"ስምንት ከሃያ ነው" አሉ። "እንደርሳለን።"