በሙጫ የቆመችው ተርብ

ከሊል ቱፋ አሰላ ባለው የሰብል ምርመራ ጣቢያ ነፍሳት ሰብሳቢ ነበር። መረቡን ይዞ ከገብስ ማሳ ገብስ ማሳ ሲዞር ያየ ሁሉ «ከሊል፣ ዛሬ ስንት ዝንብ ታረደ?» እያለ ያላግጥበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ጥርሱ ይሳቅ እንጂ ሆዱ አይስቅም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ተርብ ከውስጥ ስትበላው ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ከሊል ፋሬታ ለሚባል የነፍሳት አጥኚ ዶክተር ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በትውልድ መንደሩ በዲክሲስ የእናቱ ገብስ ላይ ተምች ወርዶ ሳለ፣ ከጉንዳን የማትበልጥ ጥቁር ተርብ ትሉን ስትወጋ አየ። እንቁላሏን ትሉ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። ይህን ማንም አላሳየውም፤ ሦስት ቀን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ራሱ የደረሰበት ነው። አንዷን ይዞ ለዶክተሩ ሰጠ። ዶክተሩ አገሩ ላለ ቤተ መዘክር ላካት፣ በመጽሐፍም ጻፋት፣ ዲክሲስን በዓይኗ ባላየች ሚስቱም ስም ሮዛሊያ ብሎ ጠራት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። የከሊል ስም የትም አልተጻፈም።

በሃምሳ ሦስት ሰኔ፣ አቶ ዘውገ የሚባል ባሕር ማዶ የነፍሳት ጥናት ተምሮ የመጣ ወጣት ያችኑ ተርብ ከቤተ መዘክሩ ተውሶ በትንሽ ሳጥን አሰላ ይዟት መጣ። ከሊልን ገና እንዳየው አንተ አለው። ከሊል ታላቅ ወንድሙ ይሆን ነበር፤ ግን መንግሥት ቤት ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው በትምህርት ነው፣ ለምዶታል።

«ይቺን የያዝካት አንተ ነህ አሉኝ» አለው አቶ ዘውገ።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ጉድ የሆነች ፍጥረት ናት። ጭንቅላቷና ክንፏ የአንድ ወገን ነው። ከወገቧ በታች ያለው፣ ይሄ እንቁላል መጣያ ረጅም መርፌዋ ደግሞ የሌላ ወገን። ጣሊያኑ መርፌውን ብቻ አይቶ ያለ ቤቷ መደባት። እኔ የሁለቱም አይደለችም እላለሁ፤ ራሷን የቻለች አዲስ ወገን ናት። ለአዲሱ ወገን ስም የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አየው። «በእርስዎ ስም ልጠራው አስቤያለሁ።»

እርስዎ አለው። ከሊል ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ያችን የልቡን ተርብ ሲያይ ግን ወገቧ ላይ ቢጫ ነጥብ አየ፤ ደስታው እዚያው ቀዘቀዘ። አቶ ዘውገ የራሷ ቀለም መስሎት አልፎታል። የግራር ሙጫ ነው። ያን ጊዜ ስፒል ሲሰካባት ከወገቧ ተቀንጥሳ፣ ታችኛው አካሏ ሣር ውስጥ ጠፍቶበት ነበር። ዶክተሩ ዕቃ ያበላሸ ሠራተኛ በአለንጋ ያስገርፋል። ከሊልም ሌላ ተርብ ወገቧ ላይ ቆርጦ፣ በሙጫ አጣብቆ አስረከበ። አጥኚዎቹ ሃያ ሦስት ዓመት የተፈላሰፉበት እሱ ፈርቶ በለጠፈው ጅራት ላይ ነበር።

ማታ ለሚስቱ ለዙቤዳ ነገራት።

«ዝም በል የጠይባ አባት» አለችው። «ዝም አይነቅዝም። ተርቧ እንደሆነች ሸንጎ አትወጣብህ።»

ከሊልም ዝም ሊል ቆረጠ። ስሙን ፈልጎታል፤ ክፉኛ ፈልጎታል።

በማግስቱ አቶ ዘውገ ብዕሩን ይዞ ጠበቀው። «ስትያዝ ሙሉ አካል ነበራት ብዬ እጽፋለሁ» አለና ሳቅ ብሎ፣ «በሉ ወላሂ ይበሉና ልጻፈው» አለው።

ለእሱ ቀልድ ነበር። ዲክሲስ ግን በሐሰት የማለ ሰው ማሳ አያበቅልም ይባላል። ከሊል ይህን ያምን አያምን ራሱም አያውቅም፤ ብቻ አፉ እምቢ አለው።

«ከወገቧ በታች ያለው የእሷ አይደለም» አለ። ስለ ሙጫውም፣ ስለ አለንጋውም፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። «የእውነተኛዋ መርፌ አጭር ነው። ዲክሲስ ወስጄ ላሳይዎት እችላለሁ።»

አቶ ዘውገ ለብ ባለ ውሃ ጥጥ ነክሮ ቢጫዋን ነጥብ አራሳት፤ ጥቂት ቆይታ ተርቧ ለሁለት ወደቀች።

«ተነሣ፣ እንሂድ» አለው። እርስዎ እዚያው ቀረ።

ዲክሲስ ሦስት ቀን ቆዩ። ዝናቡ አላባራ ስላለ አቶ ዘውገ ላንድሮቨሩ ውስጥ ሆኖ ሲጽፍ፣ ከሊል የሟች እናቱ ማሳ ላይ ተንበርክኮ ሃያ ሁለት ተርቦች ለቀመ። ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ባለ አጭር መርፌ። ጉልበቱ ቢያመውም ደስ ብሎታል። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ትክክለኛዋንም አግኝቼለታለሁ፣ እንግዲህ ስሜን አይነፍገኝም ሲል አሰበ። አቶ ዘውገም ሲሰናበተው «ስምህ ይገባል፣ አትሥጋ» አለው።

በስምንተኛው ወር ጽሑፉ ታትሞ መጣ። ከሊል እንግሊዝኛ ስለማያውቅ የጣቢያው ጸሐፊ ሽኩር ቁጭ ብሎ ተረጎመለት። ተርቧ ወደ ትክክለኛ ወገኗ ተመልሳለች። ሮዛሊያ የሚለው ስሟ ቀድሞ የወጣ ስለሆነ በደንቡ መሠረት ጸንቷል። ሃያ ሁለቱን ተርቦች ከዲክሲስ የሰበሰበው አቶ ዘውገ ነው ይላል።

«እኔስ?» አለ ከሊል።

ሽኩር ገጹን ገለጠ። «አለህ» አለ።

«አንብበዋ።»

«"ናሙናዋ እስከ ዛሬ ያለ ወገኗ የኖረችው፣ ከሊል የተባለ ያልተማረ የአገሬው ተወላጅ ሠራተኛ ሰብሮ በሙጫ ስለ ለጠፋት ነው"» አለ ሽኩር፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። ስለ አለንጋው አንድ ቃል የለም። ያልተማረ የአገሬው ተወላጅ ብሎ የጻፈውም ጣሊያን አይደለም፣ የአገሬው ተወላጅ ነው።

ከሊል ቤቱ ሲደርስ ዙቤዳ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«መጽሐፉ መጣ አሉ። ስምህ አለበት?»

«አለበት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አለ። ይሄኛው መሐላ አልተናነቀውም።

ዙቤዳ ሻሿን አስተካክላ፣ ለጎረቤት ልትነግር እየተቻኮለች ወጣች። ከሊል ሊጠራት አፉን ከፈተና መልሶ ዝም አለ።