ስድስት በጋ ያሰረ ግራሶ

ሲግቫርድ ቴርናን የተባለችውን የሸራ ጀልባ ለማደስ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። በሁለት ዓመት የሚያልቅ ሥራ ነው የሚሉት ጀልባ አድሰው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የበሰበሱትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ ነቅሎ በአዲስ ተክቷል። ቫርኒሹን ስምንት ጊዜ ቀብቶ፣ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል። ብረታ ብረቷን ግን አልለወጠም። ገመድ ማሰሪያዎቹ፣ ማጠፊያዎቹና የሸራ ገመድ የሚወጠርባቸው ሁለቱ ዊንቾች አባቱ ከዓለም ጦርነቱ በፊት ያስገጠማቸው የነሐስ ዕቃዎች ናቸው። አዲስ የማይዝግ ብረት ግጠምላት የሚለውን ሁሉ፣ “አንተ የአባትህን ጥርስ ነቅለህ የፕላስቲክ ትተክላለህ?” እያለ ያባርረዋል።

ቴርናን ቅዳሜ ውሃ ላይ ልትወርድ ነው። በኦሩስት ደሴት ዳርቻ ጀልባ የሚወርድበት ቀን ሠርግ ማለት ነው፤ ያልተጠራውም ይመጣል። ሲግቫርድ ግን ደስ አላለውም። ወንድሙ ኤቨርት አልመጣም ብሏል፤ ያለ ኤቨርት ደግሞ ጀልባዋ ለሲግቫርድ የተወለወለች ሣጥን ናት።

ወንድማማቾቹ አርባ በጋ አብረው በሸራ ባሕር ወጥተዋል። ሲግቫርድ መሪ ይይዛል፤ ታላቁ ኤቨርት የሸራውን ገመድ ዊንቹ ላይ ጠምጥሞ ይወጥራል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ኃይለኛ ንፋስ መጣ። ኤቨርት ገመዱን ወጥሮ ሊያስር ሲል የዊንቹ ከበሮ ወደ ኋላ ተሽከረከረ፤ ገመዱም መዳፉን ልጦ ወጣ። ቴርናን ከቋጥኝ ጋር ልትላተም ስትል ለጥቂት ተረፈች። ሲግቫርድ በድንጋጤ፣ “እጅህ ከዳህ እንዴ!” ብሎ ጮኸበት።  ወደብ ሲደርሱ ኤቨርት፣ “እጄ አልቆለታል፤ አንድ ቀን ሳላስበው እገድልሃለሁ” ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን ረግጧት አያውቅም። ሲግቫርድም ብቻውን መውጣት ሲያስጠላው እድሳት በሚል ሰበብ ቴርናንን መጋዘን አስገባት። ለጠየቀው ሁሉ፣ “የኤቨርት እጅ እኮ አረጀ” ይል ነበር።

ረቡዕ ዕለት ዊንቾቹን በቦታቸው ከመግጠሙ በፊት አንዱን በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። ከበሮው እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ አስቸገረው። የታችኛው ቡሎን ደግሞ አልፈታ ካለው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሁለቱንም በጆንያ አድርጎ ጉንቮር ዘንድ ወሰዳቸው። ጉንቮር ሰማንያ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት መካኒክ ናት፤ የዓሣ ጀልባ ሞተር ስትፈታ ስትገጥም አርጅታለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ማነው?” አለችው።

“አባቴ።”

“ነፍሱን ይማርና፣ እሱ ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው?”

“ሠላሳ አንድ።”

“ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ነሐሱን ቤት አስገብቼ አበላዋለሁ እያልክ የምታወራው ምን ስታበላው ነው?”

“ግራሶ ነዋ! ከላይ በቀዳዳው ጢም እስኪል ነው የምሞላው። አባታችን ‘ነሐስ አይራብ’ ይል አልነበር? አንድ ክረምት እንኳ አላስጾምኩትም።” ይህን ሲል ደረቱን ነፋ አደረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጉንቮር ቡሎኑን በእሳት አሞቀችው፣ በመዶሻ ኮርኮም ኮርኮም አድርጋ ፈታችውና ከበሮውን ስባ አወጣችው። ውስጡ የነበረው ነገር ቢጫ ነው፤ እንደ አሮጌ ሳሙና ደርቋል። በካቻቢቴ ጫፍ ቁራሽ አንስታ አሸተተችው።

“ጉድ ነው! ይሄማ ቂጣ ሆኗል።”

ከዚያ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ምላሶች አሳየችው። ሁለቱም ወደ ውስጥ ታጥፈው ተለጥፈዋል።

“እነዚህን ታያቸዋለህ? ከበሮው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከኋላቸው ያለችው ሞላ ፀጉር ታክላለች። የሚፈልጉት አንዲት ጠብታ ዘይት ነው፤ አንተ ግን በግራሶ አፍነሃቸዋል። ንፋሱ ለስለስ ሲል ይይዙልሃል። ጠንከር ያለ ዕለት ግን ማንም ሰው ቢሆን ያመልጠዋል። ለመሆኑ ሰው አልጎዳብህም?”

ሲግቫርድ የታጠፉትን ምላሶች በጣቱ ነካካ። ጉንቮርም ትዝ አላት መሰለኝ፣ “ኤቨርት…” ብላ ጀመረችና ተወችው። ወደ ላምባው ጣሳ ዞራ ምላሶቹን ማጠብ ያዘች። ስትጨርስ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አንጠባጠበችባቸውና ከበሮውን መልሳ በአንድ ጣት ገፋችው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ዞረ። ወደ ኋላ ስትጎትተው ንቅንቅ አላለም።

“ማር ሲበዛ ይመራል” አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሁለተኛውንም እንደዚያው አጥባ ሰጠችው።

ሲግቫርድ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ኤቨርት ቤት አቀና። መንገድ ላይ ያሰበውን መደበቅ ለእሱም አይጠቅምም፤ ዝም ሊል አስቦ ነበር። ዊንቾቹን ገጥሞ፣ “ጉንቮር አድሳልኛለችና ና ሞክራቸው” ቢለው ማን ያውቃል? ኤቨርት ይመጣል፣ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። የኤቨርት ቤት በር ላይ እስኪደርስ ድረስ ይህ ሐሳብ ጣፍጦት ነበር። በሩን ኤቨርት ከፈተለት። መዝጊያውን ግን በግራ እጁ ነበር የያዘው። ቀኙን ካልቸገረው አያወጣትም፤ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው።

ኤቨርት ምሳ ላይ ነበር፤ የኮመጠጠ ዓሣ ከደረቅ አጃ ዳቦ ጋር ቀርቧል። ሲግቫርድ ሳይቀመጥ አንዱን ዊንች አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ አኖረው።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ።

“የምኑ?”

“የዚያን ቀኑ። ያመለጠው ዊንቹ ነው፤ እጅህ አይደለም። ምላሶቹን በግራሶ ያጣበቅኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ጉንቮር ስትከፍተው በዓይኔ አየሁት።”

ኤቨርት ሹካውን አስቀመጠ። ዊንቹን ወደ ራሱ ሳበውና በቀኝ እጁ አዞረው። እየደጋገመ አዞረው። ወደ ኋላም በኃይል ገፋው፤ አልሄደለትም።

“ሐኪም ዘንድ ሄጄ እንደነበር ነግሬሃለሁ?” አለ በመጨረሻ።

“አልነገርከኝም።”

“‘ለዕድሜህ ደህና እጅ ነው’ አለችኝ። እኔ የሰማሁት ‘ለዕድሜህ’ የምትለዋን ብቻ ነው። ብርጭቆ ባመለጠኝ ቁጥር ይኸው እልሃለሁ። ብርጭቆ እኮ ማንንም ያመልጣል! አንተን አያመልጥህም?”

“ያመልጠኛል።”

“ሊንኔያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ‘አያቴ፣ ሸራ መወጠር አስተምረኝ’ ብላ ስትለምነኝ፣ ‘የኔ እጅ አይታመንም፣ አላስተምርሽም’ አልኳት። አለቀሰች። ከሁሉ ይሄ ነው የቆጨኝ።”

ሲግቫርድ ይቅርታ ማለት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ለስድስት ዓመት አነሰበት። ቢሆንም አለው፤ “ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።”

ኤቨርት ተነሥቶ ስልኩን አነሣና ዮተቦሪ ከተማ ላለችው ለልጅ ልጁ ደወለ። ድምፅዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጎልቶ ይሰማል።

“ሊንኔያዬ፣ ያኔ የጠየቅሽኝን ነገር አሁን እሺ ልልሽ ነው የደወልኩት” አላት።

“ምን ጠይቄህ ነበር፣ አያቴ?”

“ሸራ እንዳስተምርሽ።”



“እኔ? አላስታውሰውም” አለች። “ግን ደስ ይላል። ቅዳሜ ሥራ አለኝ፤ እሑድ ልምጣ?”

“እሑድ ነይ” አለ ኤቨርት።

ስልኩን አስቀምጦ ተመልሶ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣው ለሲግቫርድ ይሻለው ነበር።

“ረስታዋለች” አለ ኤቨርት። “እኔ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት።”

ከዚያ አንድ ዳቦ ቆርሶ ዓሣ ጨመረበትና ለወንድሙ በቀኝ እጁ አቀበለው። ሲግቫርድ ተቀብሎ ተቀመጠ፤ እንባው እየወረደ በላ።