ማብቂያ የሌለው መሰውር

ድረስ ጨዋታውን ባይነካካው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ነው። ድረስ፣ አብይና መቅደላዊት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዘው ይጫወታሉ። ጨዋታው በአፍ ነው። ድረስ ታሪኩን ይተርካል፤ ሁለቱ ደግሞ በወረቀት ላይ የፈጠሩትን ሰው ሆነው “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ የሚሉት ባለነጥብ ጠጠር ተወርውሮ ይወስናል። ሰዎቹ በመደብ የተከፈሉ ናቸው፤ ጦረኛ አለ፣ ደብተራ አለ፣ አዝማሪና ሌባም አሉ። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ችሎታ ስላለው የደንቡ ደብተር አርባ ገጽ ሞልቷል።

“ለየመደቡ የተለየ ሕግ ማን ያስታውሳል?” አለ አብይ አንድ ቀን ተማርሮ። “ሁሉንም ድግምት አድርጋቸውና እንገላገል።”

ነገሩ እውነትነት ነበረው። ችሎታው ሁሉ ድግምት ከሆነ አንድ መልክ ይይዛል፤ ስም አለው፣ የሚነበብ ቃል አለው፣ የፈለገ ይማረዋል። ድረስ ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደብረ ኤልያስ፣ መሪጌታ እንዳላማው ዘንድ አምስት ዓመት ቅኔ ተምሯል። እናም እጁ ወደለመደው ሄደ። ከመምህሩ ቤት የተረፈውን ብራና እንደ ካርድ በመዳፍ ልክ ቆራርጦ በሸምበቆ ብዕር ሃያ አራት ድግምት በግእዝ ጻፈ። ቃሉን ከራሱ ነው ያወጣው። ቅርጹ ግን የክታብ ነበር፤ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ቦታም ክፍት ተወው። ያን ያህል የለፋው ለአብይ ብሎ አይደለም። መቅደላዊትን ከወደዳት ዓመት አልፎ ነበር፤ ነግሯት ግን አያውቅም።

እሁድ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መቅደላዊት የምትጫወተው ሌባ ሆና ስለነበር “መሰውር” የሚለውን አነሳች፤ የሌባው ከዓይን የመሰወር ችሎታ ነው። ክፍቱ ቦታ ላይ የጨዋታ ስሟን መጻፍ ነበረባት። ግን ብራና ላይ ክፍት ቦታ ያየ የጎጃም ልጅ ሌላ ምን ይጽፋል? በቀይ እስክሪብቶ የክርስትና ስሟን ሞላች። ከዚያ እየሳቀች አነበበችው፤ “ሰውራ ለአመትከ ወለተ ሐዋርያት እምአዕይንተ ኵሉ ሰብእ።” ከሰው ሁሉ ዓይን ሰውራት ማለት ነው።

አብይ ዳይሱን ወርውሮ ቀና አለ። “መቅዲ ዛሬ ቀረች እንዴ?” አለ።

አጠገቡ ተቀምጣለች። ቀልድ መስሏቸው እሷና ድረስ ሳቁ። አብይን ክንዱ ላይ ቆነጠጠችው፤ ክንዱን አሸት አሸት አድርጎ ሻዩን ጠጣ።

ሰኞ አስተማሪው ስም ሲጠራ እሷን ዘለላት። ረቡዕ የዶርም አልጋዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ስትናገር ይሰሟታል፤ ግን እንደ እንግዳ ያዩዋትና ፊታቸውን ሲያዞሩ ይረሷታል። ቅዳሜ ድረስን ፈልጋ መጣች። ጽሑፉ የእጁ ሥራ ስለሆነ ይመስላል፣ እሱ ብቻ ያውቃታል።

“አማኑኤል ከተማ፣ ቤታችን ደውዬ ነበር” አለችው። “እናቴ ‘ተሳስተሻል ልጄ፣ እኔ ወንድ ብቻ ነው የወለድሁ’ አለችኝ።”

ድረስ ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። ካርዱን አውጥቶ ስሟን ከዚያ አነበበ። ያን ጊዜ ፈራ፣ ከልቡ ፈራ።

አሮጌውን የደንብ ደብተር ገለጠ። በሌባው ገጽ አናት ላይ አንድ መስመር አለ፤ “የሌባ ችሎታ ሁሉ ውጊያው ሲያበቃ ያበቃል።” ችሎታዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ወደ ካርድ ሲያዛውር ያቺን መስመር እዚያው ትቷታል። ወዲያው ካርዱ ላይ ሊጨምራት ሞከረ። ቀለሙ ቅባት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ተንከባለለ።

በማግስቱ ደብረ ኤልያስ ወረዱ። መኪናው ውስጥ አንድ ሰውዬ ጭኗ ላይ ሊቀመጥ ሲል ተነስታ ቆመች። መሪጌታ እንዳላማው ካርዱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ልጅቷን አላዩም።

“ማብቂያ ሳታበጅለት ትጽፋለህ?”

“ለጨዋታ ነበር፣ የኔታ።”

“ቃሉ ጨዋታ መሆኑን በምን ይወቅ?” አሉት። “ከተነበበ ወዲያ አይጨመርበትም። ስም ግን ይፋቃል። የሞተ ሰው ክታብ ለሌላ ሲተላለፍ የፊቱን ስም ፍቀን የአዲሱን እንጽፍ የለም? ቦታው ባዶ አያድርም እንጂ።”

“የማን ስም ይግባ?”

“የተጠመቀ ሰው ስም ነዋ። የማን እንደሆነ አልጠይቅህም።” ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ድረስ የአብይን የክርስትና ስም ያውቀዋል፤ ፍቅረ ሥላሴ ነው። ድግምት እናድርገው ያለውስ እሱ አይደለም? ይህን አሰበ። ማሰብ ብቻ አይደለም፣ ብዕሩን ቀለም አስነክቶ ነበር። ከዚያ በራሱ አፈረ።

ሴንጢ ተውሶ ቀዩን ስም ፋቀ። የመጨረሻው ፊደል ሲጠፋ መሪጌታ ዘወር አሉ። “ይህች ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመችው? አረፍ በይ እንጂ ልጄ” አሉ። መቅደላዊት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው፣ ለምን ጠፋሽ እያሉ ይቆጣሉ።

ድረስ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቃት። ደስታዋን ማየት ፈልጎ ነበር። ከዚያ ቦታው ላይ ኪዳነ ማርያም ብሎ የራሱን ስም ጻፈና አነበበው። ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች፤ አላየችውም።

ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ለመዳን ስሙን ፍቆ የሌላ ሰው ስም መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። ቀናት አለፉ፤ አልጻፈም። ስምንተኛው ቀን ላይ አላስችል ብሎት፣ ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቱ ደጃፍ ሄደ።

እናቱ እማማ ሥራነሽ ገብስ እያሰጡ ነበር። ሰላምታውን ሲሰሙ ቀና ብለው በእንግዳ ወግ ብድግ አሉ።

“ይግቡ፣ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ” አሉት። ውሃ በጣሳ አመጡለት። ሲጠጣ ፊቱን እያዩ ቆዩ፤ የሆነ ነገር አሳዘናቸው።

“ገና ልጅ ነዎት። እናትዎ በሕይወት አሉ?”

ድረስ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት አየ።

“አሉ” አለ።