ጉሬ ያልተባለበት ሳምንት

መርሻ ጅጅጋ ከገባ ወዲህ ስሙን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም። የእንስሳት ሐኪም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቀብሪበያ ገበያ ላይ የመጀመሪያዋን ግመል በግራ እጁ መርፌ ወጋ፤ ባለግመሉ አየና «ጉሬ!» አለ፤ በቃ፣ አለቀ። ጉሬ በሶማልኛ ግራኝ ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሚኒባሱም፣ በሻይ ቤቱም፣ በሥጋ ተራውም ጉሬ ሆኖ ቀረ።

እዚያ አገር ቅጽል ስም ስድብ አይደለም። መሐመድ የሚባል በየበሩ ስላለ፣ ረጅሙ ዴሬ፣ ጆሮው የከበደው ዳጎሌ ይባልና ሁሉም በሰላም ይኖራል። ስሙ ከባለቤቱ አልፎ ለልጅ ልጅም ይተርፋል፤ በግራ እጁ ማንኪያ አንስቶ የማያውቅ ጎረምሳ አያቱ ግራኝ ስለነበሩ ብቻ ጉሬ ሲባል ይውላል። ደግሞ የጥንቱ ኢማም አሕመድ የተጠራበት ስም ነውና፣ ሰዉ ጉሬ ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው።

ችግሩ የመርሻ አገር መንዝ መሆኑ ነው። እዚያ ፈርሶ የተገኘ ግንብ ሁሉ የግራኝ ሥራ ነው፤ አልተኛም ያለ ሕፃን «ግራኝ መጣብህ» ይባላል። መርሻ ልጅ ሳለ ጎረቤት «ይሄ ግራኝ» ባለው ቁጥር እናቱ ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አደግድገው ይጣሉለት ነበር። ከአንዲቱ ጎረቤት ጋር እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

እኚህ እናት ናቸው እንግዲህ በ1998 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ወደ ጅጅጋ የሚመጡት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ቀርተዋል። «አይቼው ሆዴ ካልወደደው እመለሳለሁ» ብለዋል። መርሻ ደግሞ እንዲቀሩለት ከልቡ ፈለገ፤ ማታ ማታ ባዶ ቤት መክፈት ሰልችቶታል። ስለዚህ ሰፈሩን እየዞረ ለመነ፦ እናቴ አገሩን እስኪለምዱ ጉሬ እንዳትሉኝ። ሰዉ ደግ ነውና ማለለት። ዴሬ፣ ባለሻይ ቤቱ፣ «መርሻ፣ መርሻ» እያለ ሲያጠና ቆየና ብርጭቆውን አጥቦ ሳይጨርስ ጠፋበት።

እናቲቱ መጡ። መርሻ አብሯቸው ወጣ ሲል ዴሬ «አንተ... እ...» ብሎ የጸዳውን ማንቆርቆሪያ መወልወል ያዘ። ወተት ሻጯ ሹክሪ አፏ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። ሥጋ ሻጯ ስም ስትፈልግ ቆይታ በቢላዋዋ ጠቅሳ ጠራችው። ወትሮ በጩኸት የሚቀበለው ገበያ ሁሉ እሱን ሲያይ ዝም አለ።

ሳምንቱ በሞላበት ጠዋት ወይዘሮ እታለማሁ ጓዛቸውን አስረው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ምን በድለሃቸው ነው?»

«ማንን?»

«አገሩን ነዋ! አንድ ሰው እንኳ ስምህን አይጠራም። ሲያዩህ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዷማ ቢላዋ መዘዘችብህ! ተቀምጬ ሬሳህን አልጠብቅም፤ ተነሥ፣ አብረን እንሂድ።»

መርሻ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። እናቱን ለማስቀረት ብሎ የደበቀው ነገር ሊያባርርበት ነው። እጃቸውን ያዘና ዴሬ ሻይ ቤት ወሰዳቸው።

«ዴሬ፣ ጥራኝ!»

ዴሬ እናቲቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «አልጠራም። ወላሂ ብዬልሃለሁ።»

«ወላሂውን ፈትቼልሃለሁ። ጥራኝ!»

«ጉሬ!» አለ ዴሬ፤ ትልቅ ሸክም ከጀርባው ያወረደ ይመስል ነበር። ከማዶ ሥጋ ሻጯ ተቀበለች። ሹክሪ የወተት ጀሪካኗን አስቀምጣ «ዋሪያ ጉሬ! አፌ ሊፈነዳ ነበር እኮ!» እያለች መጣች። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። ሳምንት ሙሉ የታመመች ግመሉን ታቅፎ ዝም ያለ አንድ ሽማግሌ እንኳ የመርሻን ክንድ ይዞ ይጎትተው ጀመር።

«ምንድን ነው የሚሉህ?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

«ግራኝ ማለት ነው፣ እማዬ።» ሁሉንም ነገራቸው፤ የኢማሙንም ነገር አልሸሸገም።

እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሲሄድ መርሻ ሊያደገድጉ ነው ብሎ ፈራ። እሳቸው ግን ዙሪያቸውን የከበበውን ፊት አንድ በአንድ አዩና በነጠላው ጫፍ የመርሻን ትከሻ ቸብ አደረጉት።

«እኛ ዘንድ ይህን ሲሉህ ልጆቻቸውን ካጠገብህ ይሰበስቡ ነበር» አሉ። «እነዚህ ወንበር ይስቡልሃል። ታዲያ ሳምንት ሙሉ ልቤን ያቆምከው ለዚህ ነው?»

መርሻን እንደዚህ ቀልሎት አያውቅም። ቢሆንም ጓዙ እንደታሰረ ነበር፤ ይቀሩ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈረም። እናቱም ከሰዓት በኋላ እቤት ገብተው እዚያው ጓዛቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ሹክሪ ወተት ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። በሷ አማርኛ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ የአሮጊቷንም ስም አልጠየቀች፣ ምን ሊያደርግላት። የራሷን አውጥታ ጨርሳለች።

«ሆዮ ጉሬ!» ብላ ተጣራች። የጉሬ እናት።

መርሻ ከጓዳ ሰምቶ ክው አለ። የመንዟ ሴት፣ የግራኝ እናት! ብቅ ብሎ ሲያይ እናቱ ከጓዙ ላይ ተነሥተው ወተቱን የሚቀበሉበትን ዕቃ ፍለጋ የታሰረውን እየፈቱ ነው።

«አቤት!» አሉ ወደ በሩ፤ «መጣሁ!»